አቃቂ በልጅ ልጅ አፍ

ልዩ ዘገባ

እሑድ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከአቃቂ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ባቡር መምጣት ካቆመበት አሮጌ ሐዲድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ሦስት በርጩማ ወጥቷል። እማማ ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡና ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው አቆሙት። ኢሞው ጠራ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

መጀመሪያ የታየው ጣሪያ ነው፤ ቀጥሎ ግማሽ ግንባር፤ በመጨረሻ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ሙሉ ፊት።

«ሃይ እማማ!»

«ደህና ነህ የኔ ጌታ? በላህ?»

«የስ። በላሁ። አንተ ደህና ነህ?»

እማማ «አንተ» መባላቸውን ከለመዱት ቆይተዋል። «እስቲ ንገረኝ፤ እኔ ያለሁት የት ነው?»

«አካኪ።»

«አካኪ አይደለም። አ-ቃ-ቂ። ቃ በል።»

«ካ።»

«ቃ!»

«ካ!»

እናቱ ከጎን ትስቃለች። እማማም ይስቃሉ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ የተባለውን ያለ ይመስለዋል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «ልጁ ጨዋ ነው፤ እግዜር ይመስገን። ግን ያለሁበትን አገር ስሙን እንኳ አይጠራልኝም» አሉ።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ይህን ወሬ በግማሽ ያውቀዋል። «ይሰማል፣ ግን አይመልስም» የሚባለው ልጅ የሌለበት ዘመድ አዝማድ ጥቂት ነው። እንዲህ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ወላጆቹን መውቀስ። «ፈረንጅ መሆን አማራቸው» እንላለን። አቃቂ ላይ ሦስት እሑድ ተቀምጬ ያየሁትና የሰማሁት ይህን መልስ አይደግፍም።

የማእድ ቤት አማርኛ

የልጁን አማርኛ ቀረብ ብሎ ለሚያዳምጥ አንድ ነገር ይገለጥለታል። ና፣ ብላ፣ ታጠብ፣ ተኛ፣ ተው፣ ጫማህን አውልቅ ሲባል ሁሉንም ይረዳል። ትእዛዝ ናቸው፤ የሚነገሩትም ለእሱ ነው። «አንተ» የሚለው ቃል ለአያት እንደማይሆን ማን ያስተምረው? ቤት ውስጥ አማርኛ ሲነገር የሰማው በአብዛኛው ወደ እሱ ሲነገር ነው። እናቱ ለሽማግሌ «እርስዎ» ስትል፣ ለጎረቤት «አንቱ» ስትል፣ ለእህቷ «አንቺ» ስትል የሚሰማበት ግቢ የለውም። ከቋንቋው የደረሰው ለእሱ የተቆረሰለት ቁራሽ ብቻ ነው።

የቀ ነገርም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ቀ የለም፤ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸም የሉም። እነዚህ ድምፆች ትንፋሽን ጉሮሮ ላይ ያዝ አድርጎ ድንገት በመልቀቅ የሚወጡ ናቸው። ሕፃን ሲወለድ ጆሮው ለማንኛውም ቋንቋ ክፍት ነው። ዓመት እስኪሞላው ግን ዙሪያውን በብዛት የሚሰማውን መርጦ ይይዝና የቀረውን መለየት እየተወ ይሄዳል። ይህ ልጅ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት የት ነበር?

እናቱን ጠየቅኋት። የአቃቂ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚሁ ጨርሳ፣ ዲቪ የሚባለው የአሜሪካ ቪዛ ሎተሪ ደርሷት የሄደች። ዛሬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። «ሦስት ወር ሲሞላው ዴይኬር አስገባሁት» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለወላድ የሚፈቅደው የ12 ሳምንት ዕረፍት ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ ያውም ለሁሉም ሠራተኛ ያልሆነ። ከዚያ በኋላ ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው የሞግዚቶቹን እንግሊዝኛ ነው። «ነቅቶ የማየው በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። በዚያ ሁለት ሰዓት ማብላት አለ፣ ማጠብ አለ። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ የቤት ሥራ መጣ። የቤት ሥራው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ላስረዳው ብል እሱ ግራ ይገባዋል፣ እኔም ይደክመኛል።»

> «ነቅቶ የማየው በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።»

የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ በበኩሏ፣ በቅን ልብ፣ «ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ አናግሪው፤ እንዳይደናገር» ብላት ነበር። ይህ ምክር ለአያሌ የስደተኛ ወላጆች ተሰጥቷል። ሁለት ቋንቋ አንድ ላይ መስማት ልጅን እንደማያደናግር የልጆች ቋንቋ አጥኚዎች ካረጋገጡ ዘመን ቢያልፍም፣ ምክሩ ዛሬም ከአፍ አልጠፋም። አንዲት አዲስ መጤ እናት የልጇን አስተማሪ ቃል አልቀበልም ትበል? እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እሰማት ነበር።

ከአዳምስ ሞርጋን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ኢትዮጵያውያን አሜሪካ መኖር የጀመሩት በሁለት ዋና በሮች ገብተው ነው። አንደኛው የስደት በር ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት ወደዚያ የሚሄደው ይበልጡን ተማሪና ዲፕሎማት ነበር፤ ተምሮ ይመለስ ነበር። ደርግ ሲመጣ በዚያ የነበረው እዚያው ቀረ፤ ሌላው በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ከሱዳን ካምፖች ብዙ ሺህ ሰው ወደ አሜሪካ ከተሞች ተወሰደ። ሁለተኛው በር ዲቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ተደንግጎ ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የሚጠይቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስን ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ልምድን ነው። ለአቃቂ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የሚኒስትር ልጅ መሆን አላስፈለገም፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅም አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ መሙላት ይችል ነበር። ዲቪ ሲከፈት የሰፈሩ ኢንተርኔት ቤቶች በር ላይ ወረፋ ይሠራ እንደነበር፣ ጆሮ የሚያሳይ ፎቶ ለመነሳት ወጣቶች ፀጉራቸውን ወደ ኋላ እያሲያዙ ይሰለፉ እንደነበር የማያስታውስ የለም።

ዋሽንግተን የገባው ሰው መጀመሪያ የተሰባሰበው አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና ላይ ነው። ምግብ ቤቶቹ እዚያ ተከፈቱ። የቤት ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ ዘጠነኛው ጎዳና ተዛወሩ፤ እዚያም ሲወደድ ቤተሰብ ያለው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጣ። በሎስ አንጀለስ ደግሞ የፌርፋክስ ጎዳና አንድ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በከተማው ተሰየመ።

ቋንቋውም አብሮ ወረቀት ላይ ወጣ። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት፣ አንድ የከተማው መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 500 ሰው ወይም 3 በመቶ ያህሉ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ ማውጣት አለበት። አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ተሰለፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲም የትምህርት ቤቶቹ ማስታወቂያ በአማርኛ ታትሞ ለወላጅ ይደርሳል።

ማስታወቂያው የሚደርሰው ግን ለወላጅ ነው። ልጁ አያነበውም። የአሜሪካ ከተማ ለአማርኛ የሰጠው ቦታ እንግሊዝኛ እስኪለመድ ድረስ የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ ድልድዩም የተሠራው ለመጣው እንጂ እዚያ ለተወለደው አይደለም። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። ሐኪም ቤት ገብቶ የሚፈርምበትን ወረቀት በቋንቋው ማንበብ የቻለ ሰው ምን ያህል ቀና ብሎ እንደሚሄድ፣ ሳያነብ የፈረመ ያውቀዋል።

ልጅ ሲያስተረጉም

ሌላ የአቃቂ ልጅ አለች፤ አሌክሳንድሪያ የምትኖር። አሜሪካ የገባችው ልጇ የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለች ነው። ልጅቷ በሁለት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛውን ጠጣችው፤ እናት ወደ ኋላ ቀረች። ከዚያ በኋላ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ የባንክ ስልክ ሁሉ በልጅቷ አፍ አለፈ። አንድ ቀን ክሊኒክ ሄደው ሐኪሙ ለአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ የእናቷን ሕመም ነገራት፤ «ለእናትሽ ንገሪያት» አለ። ልጅቷ የሰማችውን ግማሹን ለእናቷ አልነገረችም። ያወቀችው እናት ከወራት በኋላ ነው። «ልጄን እናት አደረግኋት» ትላለች ስታለቅስ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የፌዴራል የጤና ደንብ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግን ከልክሏል። ደንቡ የመጣው እንዲህ ያለው ነገር በየስደተኛው ቤት ሲደርስ ከኖረ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የሰማሁት አቃቂ ተቀምጬ መሆኑ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። የኢትዮጵያ ድምፅ በአየር ሞገድ መጀመሪያ ባሕር የተሻገረው ከዚሁ ከአቃቂ ነው። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ፤ የተከለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅም ጣሊያን አገሪቱን ወረረች። ወረራው ሲያንዣብብ እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ ንግግር አደረጉ። እቴጌይቱ በአማርኛ ተናገሩ፤ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝኛ ተረጎመችው። እናት የአገር ጭንቅ በቋንቋዋ ትናገራለች፤ ልጅ ተቀብላ ለሰው አገር ታደርሳለች። ልዕልቲቱ በዚያን ጊዜ ገና አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። የአሌክሳንድሪያዋን ልጅ ሳስብ ያች ልዕልት ከፊቴ አትጠፋም፤ የተሸከሙት ቃል ቢለያይም፣ ሁለቱም እናታቸውን ለሌላ ዓለም ያሰሙ ናቸው።

> እናት በቋንቋዋ ትናገራለች፤ ልጅ ተቀብላ ለሰው አገር ታደርሳለች።

ሃያ አምስት ዶላር

አሜሪካ ስለ ቋንቋ አንድ ልብ ሆና አታውቅም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንደ ሲንሲናቲና ሚልዋኪ ባሉ ከተሞች የጀርመን ስደተኞች ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይቀር በጀርመንኛ ይማሩ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጀርመንኛ የጠላት ቋንቋ ሆነ። ኔብራስካ የምትባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1919 ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ በእንግሊዝኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ ማስተማርን በሕግ ከለከለች። በቀጣዩ ዓመት ሮበርት ሜየር የሚባል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተገኘና 25 ዶላር ተቀጣ። መምህሩ ዝም ብሎ አልከፈለም፤ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1923 ሕጉ የወላጅንም የመምህርንም ነጻነት ይነካል ብሎ ሻረው።

ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሀ ሁ ሂ የሚሉ ልጆች የተቀመጡበት ወንበር በዚያ ፍርድ የተረፈ ነው። የሚያስተምሯቸው በሳምንቱ ቀናት ታክሲ የሚነዱ፣ ሆስፒታል የሚያድሩ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ መምህር ለዘመድ ጥየቃ አቃቂ መጥቶ አግኝቼው ነበር። ልጆቹ ፊደሉን በሁለት ወር ይለዩታል አለኝ፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። «ያነቡታል፤ ምን እንዳነበቡ አያውቁም። ከረሜላ ያለበትን ሳጥን ከፍተው ባዶ እንዳገኙ ሆነው ያዩኛል።»

መንግሥቱም ወዲያና ወዲህ ሲል ኖሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1974 በሳንፍራንሲስኮ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ጉዳይ፣ እንግሊዝኛ የማያውቅን ልጅ ያለ እርዳታ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ማስተማር አይደለም አለ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2000 ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎታቸውን እንዲያዳርሱ ትእዛዝ ሰጡ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ያንን ትእዛዝ ሽረው እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ አድርገው ደነገጉ። የዋሽንግተን የ2004ቱ ሕግ የከተማዋ ስለሆነ በዚህ አልተሻረም። ግን የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስተውላለች፤ በሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ ስልክ ስታነሳ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ማንም ምንም አላለኝም። እኔው ነኝ ዝቅ ያደረግሁት።»

አቃቂም የሰው አገር ነበረች

በሁለተኛው እሑድ እማማን ስለ ራሳቸው እናት ጠየቅኋቸው። እስከዚያ ያላሰብኩት ነገር ወጣ።

እማማ የተወለዱት ጉራጌ አገር ነው። አቃቂ የመጡት ልጅ እግር ሳሉ፣ አጎታቸውን ተከትለው ነው። አቃቂ ያኔ ሥራ የሚገኝባት ከተማ ነበረች። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በ1917 እ.ኤ.አ. ከገባ ጊዜ ጀምሮ ጣቢያ ነበራት፤ ውኃዋ ቅርብ፣ መሬቷ ሜዳ፤ ፋብሪካውም ተከታትሎ መጣ። በንጉሡ ዘመን ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ መንደር ሙሉ ሰው አስገባ። ከጉራጌ የመጣ አለ፣ ከወላይታ፣ ከዶርዜ፣ ከመንዝ፣ ከትግራይ። የአካባቢው ባለ አገር ኦሮሞው ነው፤ የኮረብታው ስም፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ራሱ ይህን ይናገራል፤ በኦሮምኛ ቀዩ ኮረብታ ማለት ነው።

እማማ ፈትል ክፍል ገቡ። «አለቃው ሕንድ፣ ፎርማኑ አማርኛ ተናጋሪ፣ ከጎኔ ያለችው ዶርዜ። በምን እንነጋገር? በአማርኛ ነዋ።» ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ሲወረስም ሥራው በአማርኛ ቀጠለ። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ከፈረቃ ሲወጡ ማታ ማታ ፊደል ቆጠሩ። ዘመቻው በአገር ደረጃ እስከ 15 ቋንቋ ቢደርስም እማማ የተማሩት በአማርኛ ነው፤ ማስታወቂያው፣ የደመወዝ ፔሮሉ፣ የቀበሌው ስብሰባ በአማርኛ ነበርና። ልጆች ሲወለዱ ደግሞ አባታቸው ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ነበር። ቤቱ የአማርኛ ቤት ሆነ።

«እናቴን ለማየት በመስቀል አገር ቤት እሄድ ነበር። ልጆቼን ይዤ። እናቴ ታወራቸዋለች፤ ልጆቼ አይሰሙም። እኔን ያዩኛል፤ ‹ምን አለች?› ይሉኛል። ክትፎ በሉ ነው፣ ኑ ቁጭ በሉ ነው፣ አደጋችሁልኝ ነው የምትለው። እኔ እተረጉማለሁ።» እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሐዲዱ ወዳለበት አቅጣጫ አዩ። «አንድ ጊዜ እናቴ አለቀሰች። ‹ልጆችሽ ለኔ እንግዳ ናቸው› አለችኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። ልጆቼ በልተዋል፣ ለብሰዋል፣ ተምረዋል። ምን ጎደለ? ብዬ ነበር።»

> «ክትፎ በሉ ነው፣ ኑ ቁጭ በሉ ነው፣ አደጋችሁልኝ ነው የምትለው። እኔ እተረጉማለሁ።»

ያኔ «ምን አለች?» ስትል የነበረችው ሕፃን ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ስልኩ ጎን ተቀምጣ ለልጇ የምታስተረጉመው ናት። እማማ የፈትል ፋብሪካ ፈረቃ ገቡ፤ ልጃቸው የመጦሪያ ቤት ሺፍት ገባች። ሁለቱም በገቡበት አገር ልጅን የሚያበላውን ቋንቋ ለልጅ ሰጡ። ጉራጊኛውን ከአቃቂ ቤት ያስወጣው ንቀት አልነበረም፤ አማርኛውንም ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የሚያስወጣው ንቀት አይደለም። የእናት ስስት ነው። ልጄ አይከልከል፣ አይሳቅበት፣ ወደ ኋላ አይቅር የሚል ስስት።

የቋንቋ አጥኚው ጆሹዋ ፊሽማን የአሜሪካ ስደተኞችን ሲያጠና የሦስት ትውልድ መንገድ አሳይቷል፤ አያት የአገሯን፣ እናት ሁለቱን፣ የልጅ ልጅ የአሜሪካውን ብቻ። እማማ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን መንገዱ ቦሌ ኤርፖርት እንደማይጀምር ያያል። እኛ በአሜሪካ ልጆች የምናዝነው ኀዘን በየመስቀሉ በአንዲት የጉራጌ አያት ደጅ ቀድሞ ታዝኖ ነበር። ያንን ሳናስታውስ የሲልቨር ስፕሪንጓን እናት ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው የሚመስለኝ።

የሚኒያፖሊሱ ልጅ

ከእማማ አጥር ማዶ አንድ አባት አሉ፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ከአቃቂ ወጣ ካለ የገጠር መንደር የመጡ ኦሮሞ ናቸው። ባቡር ሥራ የገቡት ፈረንሳይኛ ቃላት በየጣቢያው በነበሩበት ዘመን ነው፤ «ለገሃር» የምንለው ራሱ የፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ነው። አምስት ልጆች አሳድገዋል፤ አምስቱም በአማርኛ። «ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ነበር። ኦሮምኛ ሲናገሩ ልጆች ይስቁባቸው ነበር። አፋቸውን እንዳይይዛቸው ብዬ ተውኩት» አሉኝ፤ ድምፃቸው አነሰ። ዛሬ በአዲስ አበባ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ለእሳቸው ልጆች ግን አልደረሱም።

ሁለተኛ ልጃቸው የሄደው ሚኒያፖሊስ ነው። ሚኒያፖሊስና መንትያዋ ሴንት ፖል ከአገር ውጭ ካሉት ትልልቅ የኦሮሞ ማኅበረሰቦች አንዱ የሚገኝባቸው ከተሞች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የልጆች ትምህርቱም በአፋን ኦሮሞ ነው። ልጁ አቃቂ ሳለ ሰላምታ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እዚያ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ የመረዳጃ ማኅበሩም በአፋን ኦሮሞ ሲያወሩ አገኛቸው። ቋንቋውን በሠላሳ ዓመቱ ተማረ፤ አፋን ኦሮሞ የምትናገር አገባ፤ ልጃቸው አፉን በዚያ ፈታ።

በዚያው በሁለተኛው እሑድ አባት የአጥሩን በር ከፍተው ስልካቸውን ይዘው መጡ። የሰባት ዓመት ልጅ ስክሪኑ ላይ አለ።

«አካኮ፣ አከም ጂርቱ?»

አያቱን በአክብሮት ነው ሰላም ያላቸው፤ በብዙ ቁጥር። ሽማግሌው «ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» ብለው መለሱ፤ ወሬው ቀጠለ። የሚያወሩት ስለ አንድ የጠፋ ኳስ ነበር። ኳሱ እንዴት እንደጠፋ፣ ማን እንደመታው፣ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ በጸደይ እንዴት እንደተገኘ። እኔ ከዚያ ሁሉ ጥቂቱን ብቻ ነው የሰማሁት፤ የኳሷን ታሪክ ያስረዱኝ ሽማግሌው ናቸው። አያትና የልጅ ልጅ ስለ ኳስ ሲያወሩ ማየት ምንም የማይደንቅ ነገር ይመስላል፤ እማማ ግን በርጩማቸው ላይ ሆነው ዐይናቸውን ከዚያ ስክሪን አላነሱም።

ልጁ ከመሰናበቱ በፊት እማማ ጠየቁት፤ ሽማግሌው አስተረጎሙላቸው። «አያትህ ያሉበት ምን ይባላል?»

«አቃቂ» አለ ልጁ፤ ቃውም ቂውም ከነጉሮሮው።

አፋን ኦሮሞም ቀ አለው፤ በቁቤ ሲጻፍም የራሱ ፊደል ተሰጥቶታል። ልጁ ያን ድምፅ ያገኘው ከእናቱ ብቻ አይደለም። ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከሰርግ፣ ከሠፈር ሱቅ፣ ከእግር ኳስ ሜዳ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሱቅ አለ፣ ሰርግ አለ፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሽማግሌው የሰጡኝ መልስ ከብዙ ምሁር ንግግር ይልቅ አሳማኝ ሆኖብኛል። የእሳቸው ልጅ ቋንቋውን አንድ ጊዜ አጥቶት ያውቃል። ያጣ ሰው ለልጁ ሲሰጥ አይሰስትም። የአማርኛ ተናጋሪው ግን አገሩ ሳለ ቋንቋው ይጠፋል ብሎ ፈርቶ አያውቅም፤ አየር ነበር፤ አየርን ማን ይቋጥራል?

ስልኩ ውስጥ ያለው ፊደል

ሁሉም በር ግን አልተዘጋም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ዛሬ በማንኛውም ስልክ ይጻፋል። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን በ2022። እማማ በድምፅ መልእክት ተረት ይልካሉ፤ አንድ ተረት በሳምንት። የልጅ ልጃቸው የሚሰማው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ መኪና ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቱ እያቆመች ትተረጉም ነበር። አሁን ጅብ የሚለው ቃል ሲመጣ ራሱ ይጮኻል። አያት ለአህያዋ «እርስዎ» ሲሉ፣ ለጅቡ «አንተ» ሲሉ ከመኪናው ወንበር ሆኖ ይሰማል። ወደ እሱ ያልተነገረ አማርኛ የሰማው በዚህ መንገድ ነው።

እናቱም አንድ ነገር ለውጣለች። በቀን ከምታገኛቸው ሁለት ሰዓታት አንዷን፣ የመታጠቢያውን፣ ለአማርኛ ብቻ አድርጋዋለች። የቤት ሥራው በእንግሊዝኛ ይቀጥል፤ ሳሙናው፣ ውኃው፣ ጆሮህን እሸው የሚለው በአማርኛ ነው። አንድ ሰዓት ብዙ አይደለም። እኔ ግን ይህችን እናት ሳስብ ስለ እሷ ተስፋ አልቆርጥም።

በሦስተኛው እሑድ መብራት ይሄድና ይመጣ ነበር። እማማ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አቆሙት። ልጁ ገና «ሃይ» ሳይል የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ቁራ አረፈና ጮኸ። ድምፁ በስልኩ ተሰማ።

«ዋት ኢዝ ዛት?» አለ ልጁ።

«ቁራ ነው። ምን ይላል? ቃ! ቃ! ይላል።»

ልጁ አፉን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። «ካ! ካ!»

«እንደሱ አይደለም። ጉሮሮህን ያዝ፤ ቁራ ሁንልኝ።»

አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻውን ከፍ አደረገ። «ቃ!» አለ። በራሱ ድምፅ ደንግጦ እናቱን ዞሮ አያት፤ እናቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። «ቃ! ቃ!»

«አሁን እኔ ያለሁበትን በል።»

«አ-ቃ-ኪ።»

«ቂ።»

«ኪ።»

«ይሁን፤ ቂውን ለሚመጣው እሑድ» አሉ እማማ። መብራቱ ሄደ፤ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ልጁ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። እማማ ትንሽ ጠበቁ፣ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ቋጠሩት፤ ከዚያም ቀና ብለው ጣሪያው ላይ ያለውን ቁራ አዩት።